በረዶው የመታው የደስታነሽን ማሳ ነው

ለልጄ ለአምለሰት። ይህን የሚጽፈው ቡሬ ገበያ ጨርቅ የሚሸጠው ሀምዱ ነው፤ ቃሉ ግን የእኔ የአባትሽ የእጅጉ ነው። ቄስ ባምላኩ እኔ ልጻፍልዎ ብለውኝ ነበር፤ እሳቸው ነገር ያለሰልሳሉ ብዬ እንቢ አልሁ። ሀምዱ ያልሁትን እንዳልሁት ያወርደዋል።

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ፣ እንቅልፍሽ፣ ጉልበትሽ እንዴት ነው? ባልሽ ወንዳወቅስ ደህና ነው? የሀዋሳ ሙቀት አልጎዳችሁም? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እህል እበላለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን እስማለሁ። ስልክ ብደውል ድምፄን ስትሰሚ ትዘጊዋለሽ፤ ይኸው ሦስት ዓመት ሆነ። ደብዳቤ ብትቀድጂውም መጀመሪያ ታይዋለሽ ብዬ ነው።

በሐምሌ፣ የገብርኤል ዕለት፣ በቆሎዬን ስኮተኩት ዋልሁ። እናትሽ ካረፈች ወዲህ ቀን የሚቆጥርልኝ የለም፤ አሥራ ስምንት ነው ስል አሥራ ዘጠኝ ኖሯል። ወደ ቤት ስገባ ጎረቤት ነጭ ለብሶ ከንግሥ ሲመለስ አየሁና ገባኝ። ለማንም ሳልናገር ዶማዬን ደበቅሁ።

በሦስተኛው ቀን በረዶ ወረደ። የእኔና የደስታነሽ ማሳ በአንድ ወሰን እንደሚገናኝ ታውቂያለሽ፤ ባሏ የሞተባት፣ በበዓል ቀን መርፌ እንኳ የማታነሣዋ። በረዶው የእሷን በቆሎ መሬት ላይ አስተኛው። የእኔ አንድ ቅጠል አልተቀደደም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ተሰበሰበ። እንዲህ ሲሆን በዓል የሻረው ማነው እያልሁ የምጠይቀው ሃያ ዓመት ሙሉ እኔ ነበርሁ። ያን ቀን ዝም ብል ሌላው ጠየቀ። የተመታችው እሷ ናትና በስውር አንድ ነገር ሠርታለች ተብሎ የሰው ዓይን ሁሉ ደስታነሽ ላይ ሆነ። እሷም ምን አጥፍቼ ይሆን ብላ ስታስብ፣ ስትጨነቅ አየኋት። ያን አልቻልሁም። ተነሥቼ፣ «በገብርኤል የኮተኮትሁት እኔ ነኝ» አልሁ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ደስታነሽ ብቻ፣ «ታዲያ አባ እጅጉ፣ በረዶው ቤት ተሳስቶ ነዋ የመጣው» አለች። ሳቁብኝ። ከበቆሎዬ ግማሹን ማሳ ለእሷ ለይቻለሁ።

በመንገድ ስመለስ የያዘኝ የአንቺ ነገር ነው። ልጅሽን ቀብረሽ፣ አባቴ ያጽናናኛል ብለሽ ስትመጪ፣ በለቀስተኛው ፊት፣ ያለ ፈቃዴ ብታገቢ እግዜር ቀጣሽ አልሁሽ። ነጠላሽን አንሥተሽ በፍኖተ ሰላም መኪና ሄድሽ። ልክ ነኝ ብዬ ነበር፤ እስከዚያች እሑድም ልክ ነኝ እል ነበር።

ቄስ ባምላኩን፣ እግዜር ሲቀጣ እንዴት ያለ ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። አባት የሚገሥጸው የራሱን ልጅ ነው፤ አጠገቡ ሊያስቀረው እንጂ ሊያባርረው አይደለም አሉኝ። እኔም እንዲህ አልኋቸው፤ ማሳዬ ሳይነካ በሰው ፊት መቆሜ ለእኔ ተግሣጽ ነው፤ የወረደው በራሴ ላይ ነውና ስም ልሰጠው እችላለሁ። በደስታነሽ ላይ የወረደውን ግን ምን ብዬ ልጥራው? በልጄ ላይ የወረደውንስ? ያን እንድሰይም ማን ሾመኝ? ቄሱም፣ «ይህን ለእኔ ሳይሆን ለልጅዎ ይንገሩ» አሉኝ።

ነገርሁሽ። እግዜር ያላለውን አለ ብያለሁ። ይቅር በይኝ። ይህን ቃል ለእናትሽም ብያት አላውቅም።

የልጅሽን የክርስትና ስም አላውቀውም፤ ያኔ አልጠየቅሁሽም። ለሕፃን ተዝካር አይወጣም ይላሉ፤ እኔ ግን ስሟን በቅዳሴ እንዲያነሡልኝ ለቄሱ ልሰጥ እሻለሁ። ጽፈሽ ላኪው። አለዚያ ስደውል ስሟን ብቻ ተናግረሽ ዝጊው።

ወንዳወቅን፣ እስከ ዛሬ ባልጠራውም፣ አማቼ እንደምን አለህ በይልኝ። እናቱን እጅ ንሺልኝ። ወንድምሽ ሠርክአዲስ ሽንዲ ሆኖ ሰላም ብሎሻል፤ አክስትሽ ዓባይነሽ ጉንጭሽን ስማለች።

ቡሬ፣ መስከረም 12 ቀን 2012 ዓ.ም.

በል ሀምዱ፣ ከላይ ጀምረህ አንብብልኝ፤ ይቅር በይኝ ያልሁበት ስትደርስ ድምፅህን አታሳንስ።