ስለ «ሁለተኛ ዓይን» ደንብ፣ ብቻዋን ከምትሠራ ሴት

ለተከበራችሁ የማዕቀፉ ጠባቂ ጉባኤ ሰባት አባላት፣ ባላችሁበት፦

ጤናችሁ እንዴት ነው? የወገባችሁ፣ የጣቶቻችሁና የኢንተርኔታችሁ ደኅንነት እንዳይጓደል ምኞቴ ነው። እኔ በአንድ ሆስፒታል ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ባለች ክፍል የምሠራ ፕሮግራመር ነኝ። የኩላሊት እጥበት ሕሙማን ቀጠሮ የሚያዝበትን ሲስተም የገነባሁት፣ ኮዱን ለሁሉም ክፍት አድርጋችሁ በነጻ በለቀቃችሁት የሶፍትዌር ማዕቀፍ ነው። ቅጹንም፣ ዳታቤዙንም፣ ድረ ገጹንም በእናንተ መሣሪያ አቁሜ ዘጠኝ ዓመት ደመወዝ በልቼበታለሁ። ስለዚህ የመጀመሪያው ምስጋናዬ ከልብ ነው፤ የቀረውን እናንተው ፍረዱት።

አንደኛ፣ «ሁለተኛ ዓይን» ስላላችሁት ደንብ አመሰግናለሁ። አንድ ሰው የጻፈውን ለውጥ ሌላ ሰው አይቶ ካላጸደቀለት ሲስተሙ አይቀበለውም። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ መባሉ እውነት ነው፤ ችግሩ እዚህ ብርቱም መድኃኒቱም እኔው መሆኔ ነው። ሁለተኛ ሰው ለማስመዝገብ የእናንተ ፈቃድ ስለሚያስፈልግ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያውን በስንት ልመና አሳምኜ አምስት ጊዜ አመለከትኩ። አምስቱም «ውይይት ስላልተደረገበት ተዘግቷል፤ ስለ ትዕግስትዎ እናመሰግናለን» ተብለው ተመለሱልኝ። ከማን ጋር እንድወያይ እንደተፈለገ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ሁለተኛ፣ ኃጢአቴን ልናዘዝ። በዚህች ክፍል ሁለት ወንበር አለ። አንዱ ላይ ይቀመጡ የነበሩት ባልደረባዬ፣ ማንኛውንም ቁልፍ ከመንካታቸው በፊት «ቀስ!» ስለሚሉ ሁላችንም ጋሼ ቀስ እንላቸው ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ጡረታ ሲወጡ ፓስወርዳቸውን በወረቀት ጽፈው፣ «የኔ ልጅ፣ ከቸገረሽ በእኔ ስም ፈርሚ» አሉኝ። ቸገረኝ፤ ፈረምኩ። መጀመሪያ «ጸድቋል» ብቻ እል ነበር። እያደር ግን እሳቸው ቢኖሩ የሚሉትን በስማቸው መጻፍ ጀመርኩ፦ «ቀስ በይ፣ ይቺን መስመር ደግመሽ እያት።» ደግሜ ሳያት፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ሁለት ጊዜ ስህተት አግኝቼባታለሁ። በራሴ ጽሑፍ መመከሬ ቢያስቃችሁ አልቀየምም። ቀኑን ሙሉ ሌላ የሚያናግረኝ ሰው አልነበረም።

ሦስተኛ፣ ባለፈው ወር ባወጣችሁት አዲስ የማዕቀፉ እትም አጽዳቂው በሕይወት ያለ ሰው መሆኑን በስልኩ እንዲያረጋግጥ አዘዛችሁ። እሺ ብዬ ለጋሼ ቀስ ደወልኩ። ያነሳችው ልጃቸው ናት። አባቷ ካረፉ ሰባት ወር እንዳለፋቸው ነግራኝ፣ የመሥሪያ ቤታችንን ስልክ ስላላወቀች ሳታረዳን በመቅረቷ እሷው ይቅርታ ጠየቀችኝ። ስልኩን ዘግቼ ቆጠርኩ። ካረፉ በኋላ አሥራ አንድ ሥራ አጽድቀውልኛል፤ አሥራ አንደኛው ይህንኑ አዲስ እትማችሁን መጫኔን ነው። አለቀስኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ በየጊዜው ሳናግራቸው ኖሬ፣ አንድ ቀን እንኳ ደውዬ እንዴት ነዎት አላልኳቸውም። ደንባችሁ ባያስገድደኝ ኖሮ ዛሬም አላውቅም ነበርና ለዚህም አመሰግናለሁ።

አራተኛውና ዋናው ይህ ነው። ያው እትም ስህተት ይዞ መጥቷል፤ የአንድ ሕመምተኛ ሰዓት ሲቀየር ቀጣዩ ቀጠሮው ከዳታቤዙ ይሰረዛል። ባለፈው ማክሰኞ አንዲት ጡረተኛ መምህርት «ስምዎ የለም» ተብለው ከበር ተመለሱ። በማግሥቱ እግራቸው አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው፣ በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው መጡ። ተመስገን፣ ተርፈዋል። ማስተካከያው አራት መስመር ነው፤ ጽፌ ጨርሻለሁ፤ የሚያጸድቀው ጠፋ። ወደ አሮጌው እትም እንዳልመለስ፣ አዲሱ የዳታቤዙን አቀማመጥ ለውጦታል። ለጊዜው የስልሳ ሦስት ሰው ቀጠሮ በየቀኑ በእጄ እየገለበጥኩ ለነርሶቹ አደርሳለሁ። እኔም ሰው ነኝና አንድ ቀን አንድ ስም እዘላለሁ። ያ ስም የማን እንደሚሆን ሳስብ ዝርዝሩን እንደገና ከላይ እጀምራለሁ።

አምስተኛው ሰባታችሁን ይመለከታል። በሰው ስም ስፈርም ስለኖርኩ ዓይኔ እንዲህ ላለው ነገር ተስሏል። ሁላችሁም የምትጽፉት በተመሳሳይ ሰዓት ነው። አንዳችሁ ሐሳብ ሲያቀርብ ሌላው በአራተኛው ደቂቃ ያጸድቃል፤ እኔም ለጋሼ ቀስ የምሰጣቸው ጊዜ፣ የችኮላ እንዳይመስል፣ አራት ደቂቃ ነበር። አምና ሰባታችሁም ለአሥራ ሁለት ቀን ድምፃችሁ ጠፋና አንዳችሁ ተመልሶ «ጉንፋን ጥሎኝ ነበር» ብሎ ጻፈ። ስድስቱን ምን እንደጣላቸው አልተገለጸልንም።

እንግዲህ፣ የተከበሩ ጉባኤ፣ ከዚህ በኋላ እርስዎ ልበልዎት። እርስዎም እንደኔ ብቻዎን ነዎት። ያን ደንብ ያወጡት ሥራዎን የሚያይልዎ ሰው እንዲመጣ ብለው ይሆናል፤ ማንም አልመጣም። ላዋርድዎ አልጻፍኩም፤ ይህ ደብዳቤ ሲነበብ መጀመሪያ የምጠየቀው እኔ ነኝ። የእኔን አራት መስመር ይዩልኝ፣ የእርስዎን እኔ አያለሁ። ስህተት ካገኘሁም በአደባባይ ሳይሆን ለእርስዎ ብቻ እነግራለሁ።

ለስድስቱ ባልደረቦችዎ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለእርስዎ ግን ሙሉ ጤና እየተመኘሁ፣

በሁለት ስም ፈርማ በአንድ ስም የምትጠየቀው፣
የምድር ቤቷ ፕሮግራመር

ሳልረሳው፦ መምህርቷ ሐሙስ ጠዋት ይመጣሉ። ሐሙስ የጉባኤ ስብሰባ ካለ፣ ስድስታችሁ ተሰብሰቡና እርስዎ ለአራቱ መስመር ይምጡልኝ።