የበዛው ጨው

ሆሳዕና፣ ነሐሴ 1961 ዓ.ም.

ለምናፍቅህ ወንድሜ ጴጥሮስ፣

እንደ ነሐሴ ዝናብ የማያባራው ሰላምታዬ አዲስ አበባ ድረስ ይድረስህ። እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን።

አባባን ታውቀዋለህ፤ ሲዘንብ በጭቃው፣ ፀሐይ ሲወጣ በሙቀቱ ይማረራል። እማማ ግን በሁለቱም ታመሰግናለች። ሰሞኑን እሱም እንደ እሷ ሆኗል። ከዳምቦያ ገበያ ሲመለስ በቅሎዋ ብትጥለው «ምንም አይደል» ብሎ ተነሣ። ጣሪያው ሲያፈስም ዝም አለ። ጎረቤቶች «ጸባዩ እንዴት አማረ!» ይላሉ።

ትናንት እማማ ሆን ብላ ወጡ ላይ ጨው አበዛችበት። እኔ መዋጥ አቃተኝ። እሱ ግን ጥቂት ቀምሶ፣ «እጅሽ ይባረክ» ብሏት ተኛ። እማማ ሳህኑን ይዛ ቆማ ቀረች።

ለመስቀል ትመጣ የለ? ቀደም ብትል ደስ ይለናል። ጸጉርህንም ሳትቆረጥ ና፤ አባባ እንደ ድሮው ይቆጣህ።

ሁላችንም በናፍቆት ሰላም ብለንሃል።

እህትህ ጣቢታ