ወሬ ከሌለ ደህና ነው

ወንድሜ ዓባይነህ፣ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኛ እመብርሃን ትመስገን ደህና ነን። ከጅቡቲ ከደወልክልን ወዲህ ገብሱ ተዘርቶ ታጭዷል።

ሰሞኑን ለተማሪዎቼ «ወሬ ከሌለ ደህና ነው» የሚለውን የእንግሊዞች አባባል አስተማርኩ። ከየት መጣ ቢሉኝ፣ ድሮ ፈረሰኛ የሚላከው ለክፉ ነገር ስለነበር ይሆናል አልኳቸው። ለእማዬ ብነግራት «ፈረንጅ ልጁን የሚጠብቀው እንዲህ ነው?» ብላ ተቆጣችኝ።

ትናንት ጎህ ሲቀድ ሦስት ሽማግሌዎች በራችንን አንኳኩ። እማዬ በሩን በጀርባዋ ደግፋ አላስከፍት አለችኝ። ለካ የመጡት የጠፋች ላም ፍለጋ ነው። «ተመስገን፣ ላም ናት» እያለች ስታለቅስ ዋለች።

ከዛሬ ጀምሮ ሳይነጋ ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን፤ በማለዳ ለሚመጣ ሰው ቤት አንገኝም። እመብርሃን ትከተልህ። አንተ ከመጣህ ግን ቁልፉ የድሮው ቦታ ነው።

እህትህ ሥርጉት፣ ከመካነ ሰላም