ዮናስ እንዳይዞር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3። ከት/ቤት መልስ።

ዛሬም ሞትኩ። ስንት ጊዜ እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ።

ጥፋቱ የዮናስ ነው፣ ደብተሬ። ለትያትር የያዝነው የግሪኮቹ ተረት እኮ ቀላል ነው። ኦርፌዎስ የሚባል ዘፋኝ ሚስቱ ትሞትበታለች። ተከትሏት ከመሬት በታች ይወርዳል፣ በዘፈኑ የሙታኑን ንጉሥና ንግሥት አንጀት ይበላል። ውሰዳት፣ ግን ብርሃን ላይ እስክትደርሱ ዞረህ እንዳታያት ይሉታል። ከዞረ ቀረች። ኦርፌዎስ ዮናስ ነው፣ ሚስቲቱ ዩሪዲቄ እኔ።

መድረክ የለንም። ከአከራዬ ከአዴ ሩቂያ ግቢ ተነሥተን፣ በጀጎል ቀጫጭን መንገዶች አልፈን፣ ሸዋ በር እንወጣለን። እዚያ ብርሃን ነው። ተመልካቹ ከኋላችን ይከተላል። ሐሳቡ የራምላ፣ ከበሮው የአብዲ። ዳይሬክተር የሚባል የለም። አራት ሆነን እንጨቃጨቃለን፣ ከጭቅጭቁ የተረፈው ትያትር ይሆናል።

ችግሩ ይኸውልሽ። ዮናስ ሸዋ በር ስልክ ይጠግናል፣ ተወልዶ ያደገውም እዚሁ። የማያውቀው ሰው የለም። ገና መንገድ ከመጀመሩ ከኋላ «ዮናስ፣ አካም ጅርታ?» ይባላል። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ዞር። ሞትኩ። እንደገና ከግቢው። አንዲት ባልቴት እናቱ እንዴት እንዳሉ ይጠይቁታል። ዞር። ሞትኩ። ራምላ ግድግዳ ተደግፋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

የእኔ ሥራ ቀላል ነው። ከኋላ የሚጠራኝ የለም፣ «ቲቸር» ከሚሉኝ ተማሪዎቼ በቀር። ዝም ብሎ መከተል ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ዮ. (ሙሉ ስሙን መጻፍ ሰለቸኝ) ጆሮው ውስጥ ጥጥ ጠቅጥቆ መጣ። እስከ ግማሽ መንገድ ሠራ። አንድ ሽማግሌ ጠርተው ጠርተው ሲያቅታቸው በከዘራቸው ትከሻውን ነካ አደረጉት። ዞረ፣ እጃቸውን ሳመ፣ የተበላሸ ስልካቸውንም ተቀብሎ መጣ።

ሌላ ወሬ። የት/ቤታችን ርዕሰ መምህር ቢሮ ጠራኝ። ዝውውሬ ተፈቅዷል፣ ደብረ ብርሃን። እስከ ሰኞ ሳምንት እሺ ወይ እምቢ በይ አለኝ። ሐረር እንደመጣሁ እያለቀስኩ የጠየቅኩት ነው። ያኔ ጀጎል ውስጥ የራሴን ቤት ለማግኘት ሰው እየጠየቅኩ ነበር የምገባው።

ለእማዬ ደወልኩ። ስልክ ላይ እልል አለች። ክፍልሽን ቀለም አስቀባለሁ አለችኝ።

ደስ ብሎኛል። መሰለኝ። ለቡድኑ አልተናገርኩም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7። ማታ።

ጉድ ፈላ። ዮ. በመጨረሻ ሳይዞር አለፈ፣ ያውም በማይሆን ሰው ላይ። አዴ ሩቂያ ከገበያ ሲመለሱ ከኋላው አይተው ጠሩት። ጥርሱን ነክሶ መንገዱን ቀጠለ። እኛ ጅሎቹ አጨበጨብን።

እሳቸው አልፈውን ገቡ፣ የግቢውን በር ዘጉ። ዮናስን እኮ እናቱ ሥራ ሲውሉ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። አምና ለሌላ የግሪክ ተረት የኢካሮስን ክንፍ ልንሠራ የድሮ የሣር ስፌቶቻቸውን ስንተረትር እንኳ እንዲህ አልተቀየሙም። ራምላ ለማባበል ገብታ ነበር።

«ሰላም ነስቶኝ ያለፈ ልጅ እኔ ደጅ ምን ይሠራል?» ብለዋታል።

ትያትሩ የሚቀጥለው ቅዳሜ ነው። ግቢ የለም። ዮ. ፊቱ ጠቁሯል፣ የሚዘፍንበትን ክራር እንኳ ትቶ ነው የሄደው። እኔ ግን እዚያው ግቢ ውስጥ ስለምኖር በጓሮ በር ገባሁ። ሰላም አሉኝ፣ ያውም ጠበቅ አድርገው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ታረቁ! ዮ. ሐላዋ ይዞ መጣ። እሳቸው ነደባው ላይ፣ ያ ሳሎኑ ውስጥ ያለው ከፍ ያለ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። እግራቸው ሥር ቁጭ ብሎ ለምን እንደማይዞር ተረቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራቸው። ለዩሪዲቄ አለቀሱላት። ካለቀሱ በኋላ ፈረዱ። ልጁ ፊቱን ባያዞር አፍ አለው አይደል፣ ለምን አይመልስም?

ይኸው ነው፣ ደብተሬ! ሰፈሩ ከየደጁ ይጠራዋል። እሱ ሳይዞር ቀኝ እጁን ያነሣና በዘፈን ይመልሳል። አሁን አራታችንም ቀድሜ ያሰብኩት እኔ ነኝ እያልን ነው። አዴ ሩቂያ የሙታን ንግሥት ሆኑ፣ ነደባው ዙፋናቸው። ቤታቸው ሲኦል መባሉን ግን ወላሂ አይሆንም አሉ። «የታችኛው ቤት» ተባለ።

ዛሬ እንደሳቅኩት ስቄ አላውቅም። ሆዴን እስካሁን ያመኛል።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ለአዴ ሩቂያ ልሄድ እንደሆነ ነገርኳቸው። አከራይ ናቸው፣ ዕቃ ተሸክሞ መጥፋት ነውር ነው። ኸይር ነው፣ እናትሽን ደስ ይበላቸው አሉ። ሻዬ ላይ ስኳር ጨመሩ። ደግሞ ጨመሩ። እንዲያ እንደ ጣፈጠ ጠጣሁት።

ነገ ከዮ. ኋላ ስሄድ የምሬን ነው የምሄደው። ከፍቶኛል። ሌላ ምን ልበል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14። አሁን ገባሁ።

ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው፣ ጽሑፌን ታገሺኝ።

ከአስር ሶላት፣ ከከሰዓቱ ስግደት በኋላ ጀመርን። ሕዝቡ! ግቢው አልበቃ ብሎ ግማሹ ውጭ ይጠብቃል። ዮ. ሲዘፍን ንግሥታችን የእውነት አለቀሱና ውሰዳት አሉ። ወጣን። ከየደጁ ጥሪ። ጨርቅ ሻጮቹ ይጠሩታል፣ ሽማግሌው ስልኬስ ይሉታል። እጁን ያነሣል፣ ዘፍኖ ይመልሳል፣ አይዞርም። አንዱ ቀልደኛ ሱቅህ ተቃጠለ አለው። ይቃጠል ብሎ ዘፈነለት። መንገዱ በሳቅ ተናወጠ።

ሸዋ በር ታየን። የታክሲ ረዳቶቹ ጩኸት ይሰማል። ትንሽ ቀረን። በልቤ አለቀ፣ ልሄድ ነው እያልኩ ነው።

«ሰናይት!»

ቲቸር አይደለም። ስሜ ነው። ንግሥቲቱ ዙፋናቸውን ጥለው፣ ሻሻቸው ተንሸራቶ፣ እያለከለኩ ሰው መሐል እየተሹለከለኩ ይመጣሉ።

«ሰናይት፣ ሰላም ሳትይኝ?»

ዞርኩ። ሳላስብ። እጄም ደረቴ ላይ ነበር፣ መቼ እንደለመደው አላውቅም። ተመልሼ ሄድኩና አቀፍኳቸው።

ዮ. በሩ ጋ ደርሶ በኩራት ዞር ቢል ማንም የለም። አብዲ ከበሮውን ይዞ ደርቋል። ከዚያ ሳቁ፣ ጭብጨባው፣ እልልታው። ራምላ ጆሮዬ ሥር መጥታ እየሳቀች ነው፣ እያለቀሰችም ነው።

«ዮናስ እንዳይዞር ስንጠብቅ አንቺን ረሳንሽ» አለችኝ።

ለሦስቱም ዝውውሩን እዚያው መንገድ ላይ ነገርኳቸው። ዮ. ተረቱ ከእንግዲህ እንደዚህ ነው የሚያልቀው አለ። ደስ አለኝ፣ ደብተሬ። ዛሬ «መሰለኝ» የለም።

እሑድ፣ ኅዳር 15

ጾም ገባ። ቅዳሴ ደርሼ መጣሁ። ከቤተ ክርስቲያን እስከ ቤት ሦስት ጊዜ በስሜ ተጠራሁ፣ ሦስቴም ዞርኩ።

ሰኞ፣ ኅዳር 16። ከሰዓት።

ርዕሰ መምህሩን እቀራለሁ አልኩት። መነጽሩን አውልቆ አየኝና እርግጠኛ ነሽ አለ። ነኝ።

የሚከብደው ቀጠለ፣ ለእማዬ ደወልኩ። እንደማልመጣ ነገርኳት። ክፍሉ እኮ ተቀብቷል አለች። ምን ዓይነት ቀለም ብላት አረንጓዴ። ሁለታችንም ትንሽ አለቀስን። ኋላ ረጋ ብላ ማን ነው እዚያ ያስቀረሽ አለችኝ። ነይና እዪ አልኳት። እሷ ደግሞ መንገዱን አላውቀው፣ ቤትሽን አላውቀው፣ የዚያ አገር መተላለፊያ ሰው ያሳስታል ሲሉ ሰምቻለሁ አለች።

ሸዋ በር ውረጂና ስሜን ጥሪ አልኳት።