የሸማኔ ልጅ በዓለም ፊት

ለልጄ ለሐመልማል፣

ጌታ መውጣትሽንም መግባትሽንም ይጠብቅ። እኛ ደህና ነን፤ ጎደሬውም ዘንድሮ አምሮበታል። እዚያ ብርዱ ከባድ ነው ይላሉ፣ ተደራርበሽ ልበሺ።

የቁንጅና ውድድሩን አክሊል ባታገኚም ሶዶ የሚያወራው ስለ አንቺ ነው። አባትሽ ግን በዋና ልብስ ትሰለፋለች ከተባለ ወዲህ ስምሽን አንስቶ አያውቅም። ቅዳሜ ጎረቤታችን ጣፈጠች ውድድሩን እንድናይ ስትጠራን መጣ፤ ለቴሌቪዥኑ ግን ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ።

"ጋሽ ጩማ፣ በፊት አገር ወክለው የሄዱትን አይቻለሁ፤ ሁሉም ነጭ ቀሚስ ነበር የለበሱት። ያንተዋ የአገራችንን ልብስ ዱንጉዛ ለብሳለች" አለችው።

ያኔ ዞረ። ከመድረኩ እስክትወርጂ ዓይኑን አልነቀለም።

"ይሄ የፋብሪካ ጨርቅ ነው" አለ። "የሸማኔ ልጅ ይህን ለብሳ ዓለም ፊት ትቆማለች?"

"ታዲያ አንተ መች ሸመንክላት?" አለችው ጣፈጠች እየሳቀች።

በማግስቱ ግን ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ ድር ዘርግቶ ሽመናው ላይ አገኘሁት። የወገብሽን ልክ ጠይቂልኝ ብሎኛል። እባክሽ ለእኔ አትላኪው፤ ደውለሽ ለእሱ ንገሪው።

ጌታ በሄድሽበት ሁሉ ሞገስ ይስጥሽ። ስልኩን አጠገቡ አድርጎ ነው የሚሸምነው።

እናትሽ አሳየሽ