የአቲ ሪቨሩ መጋዘን ባዶ ነው

አቲ ሪቨር
ኦገስት 9 ቀን 2019

ለማማ ምዌንዴ፣ ለልጄ እናት፣ ለእኔዋ ንዚላኒ፣

የሞምባሳ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ጉልበትሽስ? ልጃችን ምዌንዴ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ ስታናግረኝ አጠገቧ እንዳለሽ አውቃለሁ፤ ሳልሽን እሰማዋለሁ። ለምን አልመለስሽልኝም ብዬ አልቀየምም። በስልክ መናገር ያቃተኝን ልጻፍልሽ ብዬ ነው።

ምዌንዴ "ተከራይ ገባ ወይ?" ስትለኝ "ሊገባ ነው" የምላት ውሸት ነው። መጋዘኑ ባዶ ነው። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ከመንገዱ ማዶ ጣሪያቸው ሰማይ ሊነካ የደረሰ አዳዲስ መጋዘኖች ተከፈቱ፤ ተከራዩ ሁሉ ወደዚያ ነጎደ። የእኛ ሰፈር አጥር በሙሉ "ይከራያል" የሚል ጨርቅ ለብሷል። ያ ደላላ፣ ክያሎ፣ "ተሳቢ መኪና መዞሪያ ካገኘ ተከራይ ይሻማብዎታል" ሲለኝ አምኜ ቤታችንን ያፈረስኩለት ግቢ፣ ዛሬ የጎረቤት ፍየል ይዞርበታል። ሻንጣሽን ይዘሽ በር ላይ ስትቆሚ "ቤት ይሠራል፣ ገበያ ግን አይጠብቅም" ብዬሽ ነበር። ያን ቃል ባስታወስኩ ቁጥር ብቻዬን ሆኜ እንኳ ፊቴን እሸፍናለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ክያሎ እየሮጠ መጣ።

"ባባ ምዌንዴ፣ ሻይ ቅጠል የሚያሽጉ ሴትዮ ከናይሮቢ ሊያዩት ነው! ባዶውን እንዳያዩት ብቻ። ባዶ መጋዘን ሳያገባ እንዳረጀ ወንድ ነው፤ ያየው ሁሉ 'ምን ነገር ቢኖርበት ነው?' ይላል።"

ከየሱቁ ባዶ ካርቶን ለቃቅመን እንደ ግድግዳ ከመርን። ሁለት የቀን ሠራተኞች ጋሪ እየገፉ እንዲመላለሱ ተደረገ። እኔም የእሑድ ኮቴን ለብሼ በር ላይ ቆምኩ።

ሴትዮዋ ወይዘሮ ጋቶኒ ይባላሉ፤ ረጋ ያሉ፣ በዕድሜ ከልጃችን ብዙም የማይበልጡ።

"ግማሹ ተይዟል ማለት ነው?" አሉ ክምሩን እያዩ።

"አዎ እመቤቴ። ለቀሪውም ጠያቂው ብዙ ነው።"

"የኋላ በሩ ይከፈታል?"

መልስ እስክሰጥ አልጠበቁም፤ ራሳቸው ገፉት። የኦገስትን ነፋስ መቼም ታውቂዋለሽ። ከሜዳው ገስግሶ ገባና ያን ሁሉ ካርቶን እንደ ገለባ በተነው። አንዱ እየተንከባለለ ሄዶ እግራቸው ሥር ቆመ፤ የሕፃን ዳይፐር ካርቶን። ጋሪ ገፊዎቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ክያሎ ስልክ የተደወለለት መስሎ ወጣ፤ በዚያው ቀረ።

ሴትዮዋ ግን አልሳቁም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

"አባቴ፣ ባዶ መሆኑ እኮ ነውር አልነበረም" አሉኝ ዝግ ብለው። "ዋጋ ቀንሱልኝ እልዎት ነበር፣ እንስማማ ነበር። አሁን ጣሪያው ቢያፈስ እውነቱን ማን ይነግረኛል?"

መኪናቸው ውስጥ ገብተው ሄዱ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ።

ካርቶኑን ስለቅም ስዮምቡዋ መጣች፤ በራችን ላይ ቲማቲም ስትሸጥ "የተከራይ መግቢያ አታቆሽሺ" ብዬ ያባረርኳት። አጎንብሳ አብራኝ ትለቅም ጀመር። ስንጨርስ ቀና ብላ ጣሪያውን አየችው።

"ባባ ምዌንዴ፣ ይሄ ጥላ ለቲማቲም ይሆናል እኮ።"

"አንቺም ልትቀልጂብኝ መጣሽ?"

"ምን እቀልዳለሁ! ፀሐዩ ጨረሰብን። ቲማቲም ደግሞ ጣሪያ አያማርጥም።"

አሁን እሷና ጓደኞቿ አንዱን ጥግ ይዘዋል። በየማለዳው "እንዴት አደሩ፣ ባለ ሕንፃው!" ይሉኛል። ይበሉ፣ ሲያንሰኝ ነው። ሰላምታቸውን እመልሳለሁ እንጂ ዓይናቸውን ለማየት ገና አልደፈርኩም።

ንዚላኒ፣ ነይ ለማለት አፍ የለኝም። ምዌንዴ "አባዬ፣ ለመሆኑ የት ነው የምታድረው?" ስትለኝ ወሬ እቀይራለሁ። የልጅ ልጃችንን ሳሚልኝ። የባሕሩ አየር ለጉልበትሽ መድኃኒት ይሁንልሽ፤ አምላክ ክፉ አያሳይሽ፣ በሰው ፊትም አያሳፍርሽ።

ምናልባት በዚህ በኩል ካለፍሽ፣ የመጋዘኑ በር ወፍራም ብረት ነው፤ ቢያንኳኩት ውስጥ አይሰማም። በስሜ ጥሪኝ። ቀንም ሆነ ማታ፣ እዚሁ ውስጥ ነኝ።

ያንቺው
ሙቲሶ