መመለሻውን ይዤ ለገሃር ሄድኩ

ውድ ጽጌዬ፣

ከሁሉ በፊት ይህን እወቂልኝ፤ ለገሃር ሄጄ መጣሁ። ያለ አንቺ ነው የሄድኩት። አብረን እንሄዳለን እያልኩ ዕድሜ ልክሽን ያስጠበቅኩሽ ሰው፣ ካረፍሽ በዓመት ከአራት ወር ብቻዬን ደረስኩ።

የቤቱን ነገር ላስቀድም፤ ቅደም ተከተል ካልጠበቅኩ መጻፍ እንደማልችል ታውቂያለሽ። ያ የሚያፈሰው የኩሽናው ቆርቆሮ ተቀይሯል። የጓሮው ቡና ዘንድሮ ደህና ያዘ፤ ለቀማው ላይ ግን ዝናብ ገባበትና ማድረቂያው ላይ ስሸፍን ስገልጥ ከረምኩ። ጎረቤታችን አስቴር እሁድ እሁድ ከጸሎት ቤት ስትመለስ የተቀቀለ ጎደሬ ታመጣልኛለች። እስክበላ ከአጠገቤ አትነሳም። «ጋሼ፣ እትዬ ጽጌ ቢኖሩ ሰሃኑን እንዲህ ሳይነኩት ይመልሱት ነበር?» ትለኛለች። ያን ጊዜ ሁለት ሦስት ጉርሻ እጨምራለሁ።

አምስተኛ ክፍል ስለ መጓጓዣ ያስተማርኩትን ትዝ ይልሻል? እኔ ሸኮ ተወልጄ ያደግኩ ሰው፣ ባቡር በሥዕል እንጂ በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። አንድ ተማሪ ሾፌሩ ባቡሩን በምን ያዞረዋል ብሎ ቢጠይቀኝ፣ በመሪ ነዋ አልኩና ሰሌዳው ላይ ክብ መሪ ሣልኩ። አንቺ አዲስ መምህርት ነሽ፤ ከድሬዳዋ ሚዛን ከመጣሽ ወር አልሞላሽም። በመስኮቱ በኩል ስታልፊ ሥዕሉን አየሽና ሳቅሽ አመለጠሽ።

«አንተ! ባቡር መሪ የለውም እኮ! የሚወስደው ሐዲዱ ነው።»

የድሬ ሰው ለትንሹም ለትልቁም አንተ እንደሚል አላውቅም ነበርና ተቆጣሁ። አባትሽ የባቡር ሠራተኛ መሆናቸውን ስሰማ ግን ቁጣዬ በረደ። በማግስቱ ትምህርቱን አረምኩ። በቀደመው ዓመት እንደዚያው አሳስቼ ያሳለፍኳቸው ልጆች ስድስተኛ ክፍል ነበሩና እነሱም ጋ ሄጄ አረምኩ። «አቶ ቀይ እስክሪብቶ» የሚለውን ስም ያወጣሽልኝ የዚያን ቀን ነው።

በሁለተኛው ዓመትሽ፣ ግንቦት ላይ፣ ወባ ጣለሽ። ስትነሺ በቃኝ፣ አገሬ እገባለሁ አልሽ። ሦስት ቀን በተከታታይ፣ በማለዳ፣ ሻንጣሽን ተሸክሜ መናኸሪያ ሸኘሁሽ። በቦንጋ በኩል መንገዱ በጭቃ ተቆርጦ አውቶቡስ አልገባም። በሦስተኛው ቀን «ተወው፣ ሻንጣውን መልሰው» አልሽኝ። አውቶቡሱ በአራተኛው ቀን ገባ። ጡሩምባው ሲሰማ አንቺ ክፍል ውስጥ ነበርሽ፤ ሰሌዳ ላይ ትጽፊያለሽ። ቆሜ በመስኮት አየሁሽ። ዞር አላልሽም። ያኔ ለምን እንደቀረሽ ልጠይቅሽ ይገባኝ ነበር። አልጠየቅኩም።

ከተጋባን በኋላ የለመንሽኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለገሃር ወስደኝ፣ ከዚያ በባቡር ድሬ እንግባ። ፈተና ልጨርስ አልኩሽ። ልጃችን ሕይወት ትንሽ ትደግ አልኩሽ። ጡረታ ልውጣ አልኩሽ። ሁሉም ምክንያት ነበር፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። ፈርቼ ነው፣ ጽጌ። የባቡሩን ጩኸት ከሰማሽ ወደ እኔ የምትመለሺ አልመሰለኝም። ለአባትሽ ለቅሶ በመኪና ደርሰሽ በሳምንቱ ተመልሰሻል፤ ያም ፍርሃቴን አላስለቀቀኝም። በዚህ መሃል ባቡሩ ከለገሃር መነሳቱን ተወ። ወሬውን በሬዲዮ ስንሰማ ሽንኩርት ትልጪ ነበር። መላጥሽን ቀጠልሽ። እኔን ደግሞ ቀለል አለኝ። ይህን ዛሬ ነው የምነግርሽ፤ ይቅር በይኝ።

ሙት ዓመትሽ ካለፈ በኋላ መጻሕፍትሽን በየዓይነታቸው ስደረድር፣ በጂኦግራፊ መምሪያሽ ገጾች መሃል አንዲት ትንሽ ካርቶን አገኘሁ። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ፣ የመመለሻ ቲኬት። ለምደባ ስትመጪ ደርሶ መልስ የቆረጥሽው ነው። አልተበሳም፤ አልተጓዝሽበትም። የዚያን ቀን ሌላ መጽሐፍ አልነካሁም። ለካ እኔ ጋ የኖረችው አንድ እግሯን ጉዞ ላይ አድርጋ ነው እያልኩ ቁጭ አልኩ።

ስለዚህ፣ ልጃችን ሕይወት ለዓይኔ ምርመራ አዲስ አበባ ስትጠራኝ ቲኬቱን ኪሴ ከትቼ ሄድኩ። እሷ ሥራ ስትገባ እኔ ለገሃር ወረድኩ። የአንበሳው ሐውልት ከፊት ለፊት ቆሟል። ሕንፃው እንደነገርሽኝ ነው፤ በዙሪያው ካሉት ፎቆች አጠገብ ግን አንሶ ይታያል። ሐዲዱን ሣር ውጦታል። አንቺ ፀሐይ ሲመታው እግር ያቃጥላል ትዪኝ ነበር፤ ጎንበስ ብዬ ነካሁት፣ ቀዝቃዛ ነው።

በሕንፃው ጥላ ሥር አንድ አዛውንት ተቀምጠው ነበር፤ እሳቸውም የባቡር ጡረተኛ ናቸው። ቲኬቱን አሳየኋቸው። ከዓይናቸው ራቅ አድርገው አዩትና ሳቁ።

«ይሄማ ያኔውኑ ሞቷል! መመለሻ ቢበዛ የወር ዕድሜ ነው ያለው። የማን ነው?»

የባለቤቴ ነው፣ አባቷ የባቡር ሰው ነበሩ አልኳቸው።

«የባቡር ሰው ልጅ? እንግዲያ ታውቃለች» አሉኝና መለሱልኝ።

አገሬ እገባለሁ ብለሽ ሻንጣሽን የዘጋሽው እኮ በሁለተኛው ዓመትሽ ነው። ያ ካርቶን የትም እንደማያደርስሽ ያን ጊዜም ታውቂ ነበር። ለመሄድ ብለሽ አላስቀመጥሽውም ማለት ነው። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ይህን ሳሰላስል አንዲት መንገደኛ «አባባ፣ ውሃ ላምጣልዎ?» አለችኝ። እያለቀስኩ እንደነበር በእሷ አወቅኩ።

ቲኬቱን ካገኘሁበት ገጽ መልሼዋለሁ፤ የመጓጓዣው ምዕራፍ ነው። እኔ እስካለሁ ከዚያ አይወጣም፤ ስምሽም ከአፌ አይጠፋም። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል። ያን ግንቦት ሚዛን ያስቀረሽ ጭቃው ነው ወይስ እኔ? ጭቃውም ቢሆን አልቀየምሽም። በሕልሜ ነይና፣ እንደ ልማድሽ «አንተ!» ብለሽ ጀምረሽ መልሺልኝ። ቶሎ ነይ። እኔ እንዳስጠበቅኩሽ አታስጠብቂኝ።

ባለቤትሽ፣
ከሚዛን ተፈሪ